የኦይሪክ ቅዳሜዎች

ኦይሪክ ኒኮልሰን የባላንታርን ቤተ ክርስቲያን ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠርግ ኖራለች። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነበር። እሳቱን የምታነድ፣ መስኮቱን የምትወለውል፣ ከስብከት በኋላ ከየወንበሩ ሥር የከረሜላ ወረቀት የምትለቅም እሷ ነበረች። በእኛ በሊዊስ ደሴት ስብከት ሲረዝም ሰው የሚንት ከረሜላ ይመጥጣል። ሽማግሌው ኡሽዲን ራሱ፣ ያ ግንባሩን ቋጥሮ ከፊት የሚቀመጠው፣ በአንድ ስብከት አራት ከረሜላ ድምጥማጡን ያጠፋ ነበር። ኦይሪክ ታውቃለች፤ ወረቀቱን የምታነሳው እሷ አይደለችም እንዴ?

ባል አላገባችም። በወጣትነቷ የጠየቃት አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እናቷ የአልጋ ቁራኛ ስለነበረች "ትንሽ ታገሠኝ" አለችው፤ አልታገሠም፤ ሌላ አገባ። እናቷን አሥራ አራት ዓመት አስታምማ ቀበረች። ከዚያ በኋላ ከአንዲት ላምና ከጥቂት በጎች ጋር፣ ባሕሩን ፊት ለፊት በምታይ ጠባብ ቤት ብቻዋን ኖረች። ሳቂታ ናት። ምላሷም ስለት ነው። አንድ ቀን ኡሽዲን፣ "አንቺ ኦይሪክ፣ መጥረጊያሽ ከመዝሙሩ በላይ ይጮኻል" ቢላት፣ "ያንተ ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ ነው" አለችው። በመንደሩ ይህን እየደገመ ያልሳቀ ሰው የለም።

እንግዲህ ይህች ሴት አንድ ቀን እንኳ ከጌታ ማዕድ ቀምሳ አታውቅም ነበር።

ሌላ አገር ያደገ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ እሁድ ሳይቀር ይመጣል፣ መዝሙሩን በቃሉ ይዘልቀዋል፣ ቁርባን ሲደርስ ግን ከኋላ ቁጭ ብሎ ያያል። "እኔ ማን ነኝና?" ይላል። በመጋቢትና በመስከረም የቁርባን ሳምንት ይሆናል፤ ከየመንደሩ እንግዳ ይጎርፋል፣ በየቤቱ የበግ ሾርባ ይንተከተካል፣ አልጋ ጠፍቶ የቤቱ ባለቤት ጎተራ ያድራል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስብከቱ ሲያበቃ መጋቢውና ስድስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ። አንድ ወንበር ባዶ ይተዋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማዕዱ መቅረብ የሚፈልግ ሰው አንኳኩቶ ይገባል፤ እግዚአብሔር ምን እንዳደረገለት ይናገራል፤ በማግስቱ ከቆራቢዎቹ ጋር ይቀመጣል። ግን ማንም "ግባ" አይባልም። አይጠየቅም፣ አይጎተጎትም። መጋቢው ራሱ አንድ ቃል መናገር አይችልም። "የመንፈስ ቅዱስን ሥራ በክርን መጎሸም ነው" ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ስለዚህ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ከገቡ አንድ ሰዓት ሲሞላቸው ጸልየው ይወጣሉ።

መጋቢ ቶርኪል ማክአስኪል ወደ ባላንታር ሲመጣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው የማያውቅ። ሚስቱ ራኔት እሁድ እሁድ ከደጃፍ ቆማ "ኮሌታህ! ኮሌታህ!" እያለች ትጮኽበት ነበር። በመጣ በሁለተኛው እሁድ መድረክ ላይ ቆሞ ስብከቱ ጠፋው። ወረቀቱን አገላበጠ፤ ላብ አጠመቀው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጣጠፈና፣ "ያዘጋጀሁት ጠፍቶብኛል። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር እናንተን መጠበቅ አልሰለቸውም" ብሎ ወረደ። ሁሉም ነገር ስድስት ደቂቃ አልሞላም። መንደሩ ክረምቱን ሙሉ ሳቀበት። እሱም ሰው ሳይቀድመው መሳቅን ለመደና፣ "እንደዚያ እሁድ እንዳልዋረድ ጸልዩልኝ" ይል ጀመር።

ኦይሪክ ግን ያን እሁድ ከወንበሯ መነሳት አቃታት። በእነዚያ የማስታመም ዓመታት እናቷ እንድትሞትላት የተመኘችባቸው ቀኖች ነበሩ። አንድ ሁለት ቀን አይደለም። ይህን ለማንም ተንፍሳው አታውቅም፤ እግዚአብሔርም በዚሁ ነገር ፊቱን አዙሮባት፣ በቃኝ ብሏት የኖረ ይመስላት ነበር። "መጠበቅ አልሰለቸውም" ሲባል አንጀቷ ውስጥ ተቋጥሮ የኖረው ነገር ተፈታ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መጥረጊያዋን ታቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

በዚያው ዓመት መስከረም፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የክት ጥቁር ኮቷን ለብሳ ከሽማግሌዎቹ ክፍል ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልትገባ ነው። ግን ገብታ ምን ትበል? ከዚያ በፊት የገቡት ሁሉ የሚነገር ታሪክ ነበራቸው፤ አንዱ ከሰመጠ ጀልባ የተረፈ፣ አንዷ ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ስትጸልይ የሰነበተች። እሷ ያላት መንደር የሚስቅበት የስድስት ደቂቃ ስብከትና ያ የእናቷ ነገር ነው። "ደግሞ መጋቢውን በሽማግሌዎቹ ፊት ላሳፍረው?" አለች። እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ ሰዓቱ አለቀ፤ በሩ ተከፈተና ኡሽዲን ብቅ አለ።

"ኦይሪክ! ቁልፉን ይዘሽ እየጠበቅሽን ነው? ይቅርታ፣ አስቆየንሽ። በይ ግቢና አመዱን አውጪ።"

ገባችና አመዱን አወጣች።

በመጋቢትም እንደዚያው ሆነ። በሚቀጥለው መስከረምም። አሥራ ስድስት ቅዳሜ! ቁልፍ የያዘች ሴት በር ላይ ብትቀመጥ ማን ምን ብሎ ይጠረጥራል? እኔ እነዚያን ሽማግሌዎች ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስድስት ሰው ተሰብስቦ እንዴት አንዱ እንኳ "ኦይሪክ፣ ለምን ኮትሽን ለበስሽ?" አይልም? እሷም ብትሆን አፍ አላት፤ ያውም ምን የመሰለ አፍ። ለሁሉ ሰው መልስ የማታጣዋ ሴት እዚያ በር ላይ ስትደርስ ምላሷ ይታሰራል።

በእነዚያ ዓመታት ሌላ ሰውም አልገባም። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ፤ በዕድሜ የገፉት ቆራቢዎች አንድ በአንድ ተቀበሩ። ቶርኪል የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሆኖ የሃምሳ መሰለ። ከቁርባኑ በኋላ ሰኞ ሰኞ፣ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ ኦይሪክ ስትጠርግ መጥቶ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

"እማማ ኦይሪክ፣ እኔ ለግድግዳ ነው የምሰብከው መሰለኝ።"

"ይጠብቁ እንጂ ፓስተር።"

"ምኑን?"

"የሚመጣ ሰው አለ።"

"በምን አወቁ?"

"አውቃለኋ! ድንች ተክለው በየቀኑ እየቆፈሩ ያዩታል እንዴ? እግርዎን ያንሱልኝ፣ ልጥረግበት።"

እሱም እግሩን እያነሳ ይስቃል። "የእርስዎን እምነት ግማሹን በሰጠኝ" ይላል። ተነስቶም ሲሄድ ትከሻው ትንሽ ቀና ብሎ ታየዋለች። ከሌሎች መጋቢዎች ጋር ሲሰበሰብም፣ "እኛ ዘንድ አንዲት ሴት አለች፤ ሁላችንም ተስፋ ስንቆርጥ እሷ ትጠብቃለች። እኔን ሥራዬ ላይ ያቆመችኝ እሷ ናት" ብሎ ማውራቱን ሰማች። ያን ቀን ፊቷ በእፍረት ተቃጠለ። እምነት የት አባቷ! የሚመጣውን ሰው ታውቀዋለች፤ ራሷ ናት። የተራበ ሰው ፊት ዳቦውን በኮቷ ሥር ደብቃ "አይዞህ" የምትል ያህል ተሰማት።

በዘጠነኛው ዓመት መስከረም፣ በቁርባኑ ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ራኔት ለእንግዶቿ ሳህን ልትበደር ወደ ኦይሪክ ቤት መጣች። ሳህኖቹን ተቀብላ አልሄደችም፤ ከነሳህኖቹ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ደብዳቤውን ጽፎታል እማማ።"

"የምን ደብዳቤ?"

"ሥራውን ሊለቅ ነው። ፊርማውም አለበት፤ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው። ነገ ሰው ካልመጣ ሰኞ ይልከዋል።" ሳህኖቹ ጭኗ ላይ ተንቀጫቀጩ። "እህል አይበላም። ጠዋት መጽሐፉን ከፍቶ ያየዋል እንጂ አያነብም። ትናንት፣ 'ራኔት፣ እኔ የማልጠብቀውን ጠብቁ ብዬ ሰውን ማታለል ሰለቸኝ' አለኝ። እባክዎ እርስዎ ያናግሩት። እርስዎን ይሰማል።"

"እኔ ምን ብዬ?"

"ዘጠኝ ዓመት ያቆዩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

ኦይሪክ ራኔትን እስከ መንገዱ ሸኝታ ስትመለስ ልቧ ቆርጦ ነበር። ነገ ትገባለች። አለቀ። ማምሻውን ላሚቱን ስታልብ የምትናገረውን ተለማመደች፤ የእናቷን ነገር፣ ያን እሁድ፣ ሁሉንም። ላሚቱ አንገቷን አዙራ አየቻት። "አንቺም ትስቂያለሽ?" አለቻትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ቅዳሜ ነፋሱ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ያንገጫግጭ ነበር። ስብከቱ አለቀ፤ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ኦይሪክ አግዳሚዋ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች። "ጌታዬ፣ አደራ" አለችና አንኳኳች።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ በር ሲንኳኳ የመጀመሪያው ነው። ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ኡሽዲን በሩን ከፈተ፤ ከትከሻው በላይ መጋቢ ቶርኪል ታያት። ብድግ ብሎ ቆሟል። አፉ ከፈት ብሏል። ፊቱ በርቷል፤ ኦይሪክ በዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ሲበራ አይታው አታውቅም። ጊዜውን እንግዲህ ቁጠሩት፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ እሷ መሆኗን አየ።

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። ለትሕትና ፈገግ አለላትና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ!" አለ ኡሽዲን ደረቱን ይዞ። "እኔ ደግሞ ሰው የመጣ መስሎኝ! ልቤን ልታወጪው ነበር እኮ!" ከኋላው ያሉት ሽማግሌዎች ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የደከማቸው ሰዎች ሳቅ ነበር።

"ምን ነበር እማማ?" አለ ቶርኪል በለሰለሰ ድምፅ።

ያጠናችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የምታየው የዚያን ሰው ፊት ብቻ ነው። የጠበቀው እሷን ቢሆን ኖሮ፣ ፊቱ እንደዚያ ይጠቁር ነበር? ሲጠብቅ የኖረው ሰው ነው፤ የመጣችው ግን ጠራጊዋ ናት።

"እሳቱ..." አለች፣ "እሳቱ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነው።"

"ተባረኪ፣ ግቢ" አለ ኡሽዲን። ገብታ ለማገዶ ከደረቀው የረግረግ አፈር ሁለት ቁራጭ ምድጃው ላይ ጨመረች። ስትመለስ ቀሚሷ የባዶውን ወንበር እግር ነካው። ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። እዚያው ቆማ የመዝጊያውን ጸሎት ሰማች፤ ቶርኪል የጸለየው ከሌላው ጊዜ ያጠረ ነበር።

ሰኞ ደብዳቤው ተላከ።

ኅዳር ላይ ዕቃቸው ከተጫነ በኋላ ሊሰናበታት መጣ። በሯ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር፣ "እማማ፣ ተሳስተው ነበር። የሚመጣ ሰው አልነበረም" አላት። ቁጣ የለበትም። እንዲያውም እሷን የሚያጽናናት ይመስል ነበር። ኦይሪክ አሁን ብትነግረው፣ አዝናለት የፈጠረችው ውሸት ይመስለዋል። ስለዚህ ለመንገድ የጋገረችለትን ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ "ኮሌታዎን ያስተካክሉ" አለችው። እንዲህ ብለው ተለያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ መንደሩ የኦይሪክን ቀልድ አልሰማም።

ቶርኪል ኢንቨርነስ ከተማ ገብቶ የእንጨት መጋዘን ጸሐፊ ሆነ። ባላንታር ሁለት ዓመት ያለ መጋቢ ቆየ። የቁርባን ሳምንት ሲደርስ እንግዳ ሰባኪ ከሌላ ደሴት እየመጣ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ኦይሪክ ቁልፉን ኪርስቲ ለምትባል ጎረቤቷ አስረከበች። "ጉልበቴ ከድቶኛል" አለች። ጉልበቷ ደህና ነበር።

መስከረም መጣ። ቅዳሜ ዕለት አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም፤ ሽማግሌዎቹ ገብተው ገና ሳይደላደሉ አንኳኳች።

"ኦይሪክ፣ እሳቱ ደህና ነው" አለ ኡሽዲን። "ለዚያውም አሁን የኪርስቲ ሥራ ነው።"

"ለእሳቱ አልመጣሁም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ዞር በል ልግባ!"

ገብታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንግዳው መጋቢ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፤ ሽማግሌዎቹ ወለሉን እያዩ ሰሟት። የእናቷን ነገር ሳትደብቅ ተናገረች። ያን እሁድ፣ ስድስት ደቂቃዋን፣ ሁሉንም ተናገረች።

"ኦይሪክ" አለ ስትጨርስ ኡሽዲን፣ "ያ እሁድ እኮ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው።"

"አዎ።"

"ታዲያ እዚያ አግዳሚ ላይ ትቀመጪ የነበረው..."

"አዎ።"

ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ግቢና አመዱን አውጪ እልሽ ነበር" አለ። "በጌታ ስም! አመዱን አውጪ እልሽ ነበር።"

"ትለኝ ነበር" አለች ኦይሪክ።

እሁድ ከቆራቢዎቹ ጋር ተቀመጠች። ደስ አላት፤ አላላትም ብል እዋሻለሁ። ግን እንጀራውን ያቀበላት እጅ የማታውቀው ሰው እጅ ነበር፤ የቶርኪል አልነበረም። ሰኞ የቁርባኑን ሳምንት ከሚዘጋው የምስጋና ጉባኤ በኋላ ኡሽዲን ቤት ሄዳ ለቶርኪል ስልክ እንዲደውልላት ጠየቀችው። እሱም ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ደወለላት።

"ሃሎ?" አለ የቶርኪል ድምፅ።

"ፓስተር፣ ኦይሪክ ነኝ።"

"እማማ! ፓስተር አይበሉኝ እንጂ። ደህና ነዎት? ምን ሆኑ?"

"ደህና ነኝ። ሰው መጣ።"

"የምን ሰው?"

"ቅዳሜ ዕለት አንኳኩቶ ገባ።"

"እሰይ" አለ ቶርኪል። ድምፁ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም፤ እንዲኖርበት እየሞከረ መሆኑ ይሰማታል። "እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ ሰባኪ አግኝታችኋል ማለት ነው። ማን ነው የሰበከው?"

"አንተ ነሃ" አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። "አንተ ነህ የሰበክኸው ልጄ። በመጣህ በሁለተኛው እሁድ። ያ ስብከት የጠፋህ ቀን። የመጣሁት እኔ ነኝ።"



"በሁለተኛው እሁድ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ዘጠኙን ዓመት..."

"በር ላይ ነበርኩ። የሚመጣ አለ እያልኩህ ሳልመጣ ቀረሁ። ያንኳኳሁ ቀንም ለዚሁ ነበር፤ ፈራሁ። ማረኝ።"

"እማማ" አለ ቶርኪል። ድምፁ ተሰበረ። "ያን ቀን ተነስቼ ነበር። አይቼዎት፣ እርስዎ ስለሆኑ ተቀመጥኩ።"

ከዚያ የሚንኳኳ ነገር ተሰማ፤ ስልኩ ግድግዳ የመታ ይመስላል። ቀጥሎ ጫማ ሲሮጥ፣ ቀጥሎ የራኔት ድምፅ።

"ማን ነው? እማማ ኦይሪክ? ምን ነገሩት? ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኳል!"

"ምን ይላል?"

"አይሰማም። ወደዚህ ከመጣን ጀምሮ በዚህ ቤት አንድ ቀን ጸልዮ አያውቅም። አሁንም ይጸልይ ያልቅስ አላውቅም። ላንሳው እንዴ?"

"ተዪው።"

"እሺ። እንግዲህ ልዝጋው፣ ሂሳብ እንዳይቆጥርባችሁ።"

"አትዝጊው" አለች ኦይሪክ። "ዛሬ ሥራ የለኝም፤ እቆያለሁ።"